ዘርን ከመዝራት አስቀድሞ ስለ ማንቃት

መምህራንና ሽማግሎች ሆይ፤ ገበሬ ከተባይ ጋራ የሚዋጋው ብዙ ጊዜ ቅጠሉ ከተበላ በኋላ ነው፤ የተበላውም አይመለስም። ስለዚህ ዘሩ ገና በእጅ ሳለ የሚደረግለት ነገር ይኖር እንደ ሆነ የመረመሩ ሊቃውንት አሉ።

ተክል እጅና እግር ባይኖረው ዝም ብሎ የሚበላ አይምሰላችሁ። አባጨጓሬ ቅጠሉን በነከሰው ጊዜ ጃስሞኒክ አሲድ የሚባል ነገር በውስጡ ይበዛል፤ ይህም እንደ መልእክተኛ ሆኖ የቀረውን ቅጠል ያስጠነቅቃል። ቅጠሉም ተባዩ የበላውን በሆዱ እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር ያበጃል። ስሙ የወጣው የአገራችን ጠንበለል ዘመድ ከሆነው ከጃስሚን አበባ ነው፤ የዚህ አሲድ ወገን የሆነውን መዓዛ ከጃስሚን ዘይት ለይተው ያወጡት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1962 ዓመት ነበርና። ይሁን እንጂ በአበባው ብቻ ሳይሆን በእህልም በአትክልትም ይገኛል።

በእንግሊዝ አገር የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የቲማቲም ዘር በዚህ አሲድ ነክረው ዘሩ፤ አሲዱ ካልነካው ዘር ከበቀለውም ጋራ አስተያዩት። በ2012 ዓመት እንደ ገለጹት፥ ከተነከረው ዘር የበቀለው አባጨጓሬን፥ ክሽክሽንና ሸረሪት መሰሉን ደቂቅ ተባይ ይልቅ ተቋቋመ፤ ይህም ኃይል ቢያንስ 8 ሳምንት ቈየ። እኔን እጅግ ያስደነቀኝ ግን የተክሉ እድገት አለመቀነሱ ነው። አሲዱ በአደገ ተክል ላይ ቢረጭ እድገቱን ይገታል፤ ለመከላከል የሚያወጣው ኃይል ከፍሬው ይጐድላልና። ከተነከረ ዘር የበቀለው ግን ዘወትር ጦር አንሥቶ አይቆምም፤ በደጅ እንደ ተኛ ውሻ ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቃል፥ ተባይ ሲነካው ብቻ ፈጥኖ ይነሣል።

ይህ ተባይን የሚገድል መርዝ አይደለም፤ ጕዳቱን ያሳንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋም። በመርዝ ተለውሶ ከሚሸጠው ቀለም የተቀባ ዘር ጋራም አታደባልቁት፤ ያን ሰውም ዶሮም እንዳይበላው ለልጆች አጥብቃችሁ ንገሩ።

ደግሞም ይህን ሰምቶ ዘሩን ሁሉ በጠንበለል ውሃ የሚዘፈዝፍ ሰው እንዳይኖር እሠጋለሁ። አበባውን መዘፍዘፍ አሲዱን በልክ መስጠት አይደለም፤ አሲዱም ራሱ ከመጠን ካለፈ ዘሩን ከመብቀል ይከለክላል። አንዳች መንከሪያ ሊሞክር የሚወድ ቢኖር ከአንዱ ዘር ጥቂት እፍኝ ይንከር፤ ሌላውን እፍኝ በንጹሕ ውሃ ብቻ ነክሮ በአጠገቡ ባለው ትልም ይዝራ፤ ተማሪዎቹም በየሳምንቱ የበቀለውንና የተበላውን ቅጠል ቈጥረው ይጻፉ።