የሚያመው ጣታችሁ ነው ወይስ ጊታሩ?

ጊታር ጀምረው በወሩ ያቆሙ ልጆችን ለምን እንደተዉት ጠይቋቸው። «ጣቴ አልቻለም»፣ «ኤፍ ኮርድ እምቢ አለኝ»፣ «በቃ ተሰጥኦው የለኝም» ይላሉ። ስለ ተሰጥኦ መፍረድ ባልችልም ስለ ውጥረትና ስለ ኃይል ግን የምለው አለኝ። ጊታሩ ርካሽ ወይም ከሰው ወደ ሰው ሲዞር የኖረ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከጣታችሁ ይልቅ የጊታሩ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ደግሞም ይህን በማስመሪያና በአንድ ብጣሽ ወረቀት መለካት ይቻላል።

ቸሃ ውስጥ የእንሰት ቃጫ ገመድ በሁለት ዛፎች መካከል ተወጥሮ ልብስ ሲሰጣበት አይታችሁ ይሆናል። ገመዱን መሃሉ ላይ በእጃችሁ ወደ ታች ተጫኑት፣ በቀላሉ ይወርዳል። አሁን ከአንዱ ዛፍ አንድ ስንዝር ብቻ ርቃችሁ ያንኑ ያህል ልታወርዱት ሞክሩ። ገመዱና ውጥረቱ ያው ሆኖ ሳለ ክንዳችሁ ይንቀጠቀጣል። ወደ ማሰሪያው በቀረባችሁ ቁጥር የገመዱ አንግል ስለሚሾል የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል።

የጊታር ክርም እንዲሁ ነው። አንደኛው «ዛፍ» ሆዱ ላይ ያለው ድልድይ ነው፤ ሌላኛው አንገቱ ጫፍ ላይ ያለችው፣ ክሮቹ የሚያልፉባቸው ስድስት ቦዮች ያሏት ነት የምትባለው ቁራጭ ናት። በብዙ ጊታሮች በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 648 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያው ፍሬት ከነቷ የሚርቀው ግን 36 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ጀማሪን የሚያስለቅሰው ኤፍ ኮርድ የት ነው የሚያዘው? እዚያው፣ ዛፉ ሥር!

ቁጥሩን እንየው። የብረት ክር ያለው ጊታር ላይ ቀጭኑ ክር ብቻ ወደ 10 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይወጠራል፤ ስድስቱ ሲደመሩ ከ70 ኪሎ ያልፋሉ። አንድ ጎልማሳ ሰው እንጨቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቁጠሩት። ክሮቹ ከመጀመሪያው ፍሬት በላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ ብለው ቢቀመጡ፣ ስድስቱንም በአንድ ጣት ፍሬቱን ለማስነካት በስሌት 1 ኪሎ ያህል ግፊት ይበቃል። ነቷ በደንብ ሳትሞረድ ቀርታ ከፍታው 1.2 ሚሊ ሜትር ከሆነስ? ግፊቱ ወደ 2 ኪሎ ተኩል ይወጣል። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ለጣታችሁ ግን ከእጥፍ በላይ ነው። ይህም ክሩ ፍሬቱን እንዲነካ ብቻ ነው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ለማውጣት ትንሽ መጨመር አለባችሁ።

መፈተኛው ቀላል ነው። ክሩን ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ያዙና የመጀመሪያው ፍሬት አናት ላይ ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። አንድ ወይም ሁለት የደብተር ወረቀት ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ነቷ ጤነኛ ናት። ታጥፎ የወፈረ ወረቀት እንደ ልቡ የሚገባ ከሆነ ግን ችግሩን አገኛችሁት። ቀጥሎ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ወፍራሙ ክር ያለውን በማስመሪያ ለኩ። በብረት ክር ጊታር ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። 4 ሚሊ ሜትር ካገኛችሁ በዚያ ጊታር ማንም ይቸገራል።

ነቷን ራሳችሁ በሞረድ ለማስተካከል አትቸኩሉ፤ ትንሽ ካለፋችሁ ክሩ ፍሬቱ ላይ እየተንዘረዘረ ይቀራል፣ የተቆረጠውም አይመለስም። ከወልቂጤ አዲስ አበባ ለጥገና መውሰድ ደግሞ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። እስከዚያው የምመክረው ዘዴ አለ፦ ስድስቱንም ክሮች በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ካፖ እሰሩ። ካፖ ከሌለ እርሳስና ጠንካራ ላስቲክ ይሠራል። ድምፁ ወደ መደበኛው ይመለሳል፣ ከፍ ያለችው ነት ከጨዋታው ትወጣለች፣ ውጥረቱም 11 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ምክንያቱም የክር ድግግሞሽ ከውጥረቱ ስኩዌር ሩት ጋር ነው የሚሄደው፤ ድምፁ 5.6 በመቶ ሲወርድ ውጥረቱ ሁለት እጥፍ ገደማ ይወርዳል።

ጣት የምታሳርፉበት ቦታም ዋጋ አለው። ብዙ ጀማሪ በሁለት ፍሬቶች መካከል፣ እመሃል ላይ ይጫናል። የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ይህ የሚፈልገው ኃይል ከፍሬቱ ጀርባ ተጠግቶ ከመጫን ሁለት እጥፍ ነው። ያው የልብስ ማስጫው ገመድ ነገር ነው። በተጨማሪም ክር አለቅጥ ሲጫኑት ስለሚለጠጥ ድምፁ ከፍ ይልና የተቃኘው ጊታር ያልተቃኘ ይመስላል።

ክረምት ሲገባ ጊታሩ «ከበደ» ካላችሁም ቅዠት አይደለም። እንጨት እርጥበት ይስባል፤ የጊታሩ ሆድ ይነፋል፣ ድልድዩ ከፍ ይላል፣ ክሮቹም ከአንገቱ ይርቃሉ። በበጋ ደግሞ እንጨቱ ይኮማተርና የፍሬቶቹ ጫፍ በአንገቱ ጠርዝ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። ስለዚህ ከምድጃ አጠገብም ሆነ ከጋለ ቆርቆሮ ሥር አታስቀምጡት።

የናይለን ክር ያለው ክላሲካል ጊታር ጠቅላላ ውጥረቱ 40 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ለጣት ይራራል። ግን እባካችሁ የብረት ክር አትሰሩበት! 40 ኪሎ እንዲሸከም የተሠራ ሆድ ላይ 70 ሲጫን ድልድዩ ተገንጥሎ ሊወጣ ይችላል። ክሮቹ ድልድዩ ላይ ተቋጥረው የሚታሰሩ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የናይለን ጊታር ነው።

እሺ፣ ጊታሩ ተስተካከለ እንበል፤ ከየት ይጀመር? አብዛኛው ትምህርት በኮርድ ይጀምራል። እኔ ግን ለእኛ ጆሮ በአንድ ክር መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። ጊታር አንዱን ኦክታቭ በ12 ግማሽ ድምፆች ስለሚከፍል ቅኝቶቻችንን በፍሬት ቁጥር መጻፍ ይቻላል። ያልተያዘውን ክር 0 ብለን ብንቆጥር፣ ትዝታ 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9፣ 12 ነው። ባቲ 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10፣ 12። አምባሰል 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8፣ 12። አንቺሆዬ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9፣ 12። (ትዝታና ባቲ ሌላም መልክ አላቸው፤ ለጅምር እነዚህ ይበቃሉ።) ባለ ክራሩ አውታሮቹን በጆሮው እየሰማ ስለሚቃኝ የአንዳንዱ ድምፅ ቦታ ከጊታሩ ቋሚ ፍሬት በጥቂቱ ሊለይ ይችላል፤ አንቺሆዬ ላይ ጆሯችሁ ቅር ካለው ጆሯችሁን እመኑ።

በአንድ ክር መጫወት ጣትን ያሳርፋል፣ ዜማ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይሰጣል። በቀን አንዴ ሁለት ሰዓት ከመታገል 10 ደቂቃ እየሆነ ሦስት አራት ጊዜ ይሻላል፤ የጣት ጫፍ ቆዳ የሚጠነክረው ተደጋጋሚ ጫና ሲያገኝና መሃል ላይ ሲያርፍ ነው፣ ጥቂት ሳምንታትም ይፈልጋል። ግራ እጃችሁ ሲያርፍ ክሮቹን በመዳፋችሁ አፍናችሁ በቀኝ እጅ የጉራጊኛ ጭብጨባውን ምቱ። ፍጥነቱን የቻለ ቀኝ እጅ ሌላው አይከብደውም።

ኤፍ ኮርድን ደግሞ ከዛፉ ርቃችሁ ጀምሩት። ያንኑ አያያዝ ወደ አምስተኛው ፍሬት ውሰዱት፤ ስሙ ኤ ኮርድ ይሆናል። ክሮቹ እዚያ ከፍ ቢሉም ከነቷ ስለራቃችሁ፣ መጥፎ ነት ባለው ጊታር እንኳ ስድስቱን ለመጫን ወደ 1 ኪሎ ይበቃል። ስድስቱም ክሮች ጥርት ብለው ሲሰሙ ወደ አራተኛው ውረዱ፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ሁለተኛው። አንዱ ፍሬት ላይ ድምፁ ከታፈነባችሁ አንድ ፍሬት ተመልሳችሁ ጥቂት ቀን ቆዩ።