አራት ሸክላዎች፣ አንድ ሰው፦ ለምድር የቀረበ የመድረክ ውዳሴ

ገበያ ወጥታ እንስራ ወይም ድስት የምትገዛ እናት ዕቃውን አገላብጣ ካየች በኋላ በጣቷ ታንኳኳዋለች። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ትገዛዋለች፤ ድምፁ ከታፈነ ግን ስንጥቅ እንዳለበት አውቃ ትተወዋለች። ይህ የገበያ ዕውቀት በሙከራዊ የመድረክ ጥበብም ቦታ አግኝቷል።

አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ፍሬድሪክ ዤቭስኪ በ1985 እ.ኤ.አ «ለምድር» የተሰኘ ሥራ ደረሰ። ሥራው የሚጠይቀው አንድ ተጫዋችና አራት የአበባ መትከያ ሸክላዎችን ብቻ ነው። ተጫዋቹ ሸክላዎቹን በቀላል መምቻ እየመታ፣ በዚያው ጊዜ ጥንታዊ የግሪክ ውዳሴ በአንደበቱ ይናገራል። ውዳሴው ምድርን የሁሉ እናት አድርጎ ያመሰግናል፤ በየብስ የሚሄደውን፣ በባሕር የሚዋኘውንና በአየር የሚበረውን የምትመግብ፣ ሕይወትን የምትሰጥና የምትወስድ እርሷ ናትና።

ሸክላ እንዴት የሙዚቃ መሣሪያ ይሆናል? ሸክላ ሲመታ ገላው ይርገበገባል፤ ርግብግቢቱም አየሩን አንቀሳቅሶ ወደ ጆሯችን ይደርሳል። የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት በሸክላው መጠን፣ በግድግዳው ውፍረትና በአተኳኮሱ ይወሰናል። በአብዛኛው ትልቁ ወፍራም፣ ትንሹ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ስንጥቅ ካለበት ርግብግቢቱ ስለሚቋረጥ ድምፁ ይሞታል። ስለዚህ ተጫዋቹም እንደ ገበያተኛዋ እናት እያንኳኳ መምረጥ ይኖርበታል።

እጅና አንደበትን በአንድ ጊዜ ማሠራት ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ አዝማሪ መሰንቆውን እየገዘገዘ ግጥም ያወርዳል። ልዩነቱ እዚህ ቃሉ የሚነገር እንጂ የሚዘፈን አለመሆኑ ነው። ምቱ ቃሉን እንዳይሸፍነው፣ ቃሉም ምቱን እንዳያዛባው ተጫዋቹ ሁለቱን ማመዛዘን አለበት። በሸክላዎች ፊት ሆኖ ምድርን የሚያናግረው ሰው ራሱ የቲያትሩ ምስል ነው፤ ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም።

በዓለም ላይ ውድና ከባድ የምት መሣሪያዎች ሞልተው ሳለ ሸክላ መምረጡ ትርጉም አለው። ሸክላ ራሱ አፈር ነው፤ ለምድር የሚቀርበው ምስጋናም ከምድር በተሠራ ዕቃ ይቀርባል። ደግሞም ተሰባሪ ነው። ተጫዋቹ ከልክ በላይ ከመታው ይሰበራል፤ ከተሰበረ ደግሞ ያንኑ ድምፅ አይመልስም።

ይህን አርሶ አደር ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። አንድ ሳንቲ ሜትር የላይኛው ለም አፈር ለመፈጠር ከመቶ ዓመት በላይ ሊወስድበት ይችላል፤ እርከን በሌለው ተዳፋት ማሳ ላይ ግን ጥቂት ኃይለኛ ዝናባት ጠርገው ሊወስዱት ይችላሉ። ዤቭስኪ በ2021 እ.ኤ.አ ከዚህ ዓለም በሞት ቢለይም ሥራው ዛሬም በልዩ ልዩ አገሮች መድረክ ላይ ይቀርባል። መልእክቱም ግልጽ ነው፤ የምትመግበንን ምድር እንደ ሸክላ በጥንቃቄ እንያዛት።