በኪሎ እየተሸጠ የሚቀልጠው የከሰል ካውያ

አቃቂ በሰቃና ቃሊቲ ብረት አቅላጮች የሚገኙበት አካባቢ ነው። ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ውራጅ በሰብሳቢዎች እጅ አልፎ እዚህ ከደረሰ በኋላ የሚጠየቀው ኪሎው ብቻ ነው። በክምሩ ውስጥ ታዲያ ከፌሮ ቁርጥራጭና ካረጀ የመኪና ዕቃ ጋር የጥንቱ የከሰል ካውያ ተቀላቅሎ ይገኛል። በኪሎ ተገዝቶ በፍሬ ሊሸጥ የሚችል ዕቃ ምድጃ ገብቶ ይቀራል። ነጋዴ ሊያተርፍበት የሚችለው ከሰብሳቢው ግቢ ሳይወጣ ከደረሰበት ነው።

የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ያለፈው በአቃቂ በኩል ነበር። ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤልም የተሠራው በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ ከደጅ ቢመነጭም የከሰል ካውያ ከልብስ ሰፊው ጠረጴዛ ቶሎ አልወረደም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ዛሬም የሚያስታውሰው አይጠፋም። ለሥራ ከሚፈልገው ይልቅ ግን ለምግብ ቤት፣ ለሆቴል ወይም ለሳሎን ጌጥ የሚሻው ገዢ የተሻለ ይከፍላል። እሱም ቢሆን ጎዶሎ ዕቃ አይወስድም።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት ክዳኑን ከፍቶ ማየት ይገባል። ማጠፊያው፣ መቆለፊያው (አንዳንዱ ላይ የአውራ ዶሮ ቅርጽ አለው)፣ የእንጨት እጀታውና ከሰሉ የሚያርፍበት የውስጥ ወንፊት መኖር አለባቸው። ወንፊቱ ብዙ ጊዜ ተበልቶ የሚጠፋው እሱ ነው። ቀጥሎ የካውያው ሆድ በቁልፍ መታ መታ ይደረጋል፤ ጤነኛው ሲጮህ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። «ነሐስ ነው» የሚል ደላላ ካለ ማግኔት ማስጠጋት በቂ ነው። ማግኔቱ ከያዘው ብረት ነው፣ ምናልባትም የተቀባ ብረት።

ካውያን የሚገድለው ውስጡ የተረሳ አመድ ነው፤ አመድ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። አመዱን ጠርጎ፣ ዝገቱን በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ አስለቅቆ፣ ሰም ወይም ቀጭን ዘይት መቀባት ይበቃል። ቀለም መቀባት ግን ኪሳራ ነው፤ ሰብሳቢ ገዢ የሚከፍለው ለዕድሜው ስለሆነ አዲስ መስሎ የመጣን ዕቃ ይጠራጠራል።

ከካውያው ጋር የሚመጡት የልብስ ማጠቢያ ዕቃዎች ጠባያቸው ይለያያል። የዚንክ ሳፋ በአሸዋ ከተፈተገ ልባሱ ተነስቶ ወዲያው መዛግ ይጀምራል። የእንጨት ገበቴ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጠቃልና በጥላ አድርቆ ዘይት ማጠጣት ያስፈልጋል። አሮጌው ባለ ሁለት ገንዳ ማጠቢያ ማሽን ግን ጎማው ደርቆ፣ ሽቦውን አይጥ በልቶት ከሆነ፣ መለዋወጫው ስለማይገኝ ሞተሩን ብቻ አስልቶ መግዛት ይሻላል።

ሌላው ጉዳይ ወረቀት ነው። የተሰረቀ ዕቃ ይዞ ላለመገኘት የሻጩን ማንነት መዝግቦ ማስፈረም ያስፈልጋል። ወደ ውጭ የሚወስድ ገዢ ከመጣ ደግሞ ቅርስን ያለ ፈቃድ ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ተራ ካውያ ቅርስ ነው ባይባልም፣ ገዢው አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣንን ቢጠይቅ ቦሌ ላይ ከመጉላላት ይድናል፤ ሻጩም «ገንዘቤን መልስ» ከሚል ስልክ።