«ቪዲዮ አለው» ማለት ማስረጃ አለው ማለት አይደለም

ክርክር በጋለበት ቦታ አንዱ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ «ቪዲዮው ይኸውና!» ካለ ነገሩ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የሚጠራጠር ሰው ወይ የሌላው ወገን ደጋፊ ይባላል፣ ወይ ግትር። ከስልክ ጋር አብረውን ከገቡት እምነቶች ሁሉ ብዙ ጉዳት ያደረሰው ይኸው በስልክ ያየነውን በቦታው ቆመን እንዳየነው የመቁጠር ልማድ ነው። እንዲህ ስል ቪዲዮ ሁሉ የተቀነባበረ ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ጉዳት በሚያደርሱት ቪዲዮዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ምስሉ እውነተኛ ነው። ውሸቱ የሚገኘው ከሥሩ በተጻፈው ወይም በላዩ በሚነገረው ቃል ላይ ነው፤ የት ሆነ፣ መቼ ሆነ፣ ማን በማን ላይ አደረገው የሚለው ላይ። ስለነዚህ ነገሮች ካሜራው ራሱ ምንም አይናገርም።

እ.ኤ.አ. በ2018 በህንድ የሆነውን እንመልከት። በዋትስአፕ ከተዛመቱት ቪዲዮዎች አንዱ፣ ሁለት ሰዎች በሞተር ብስክሌት መጥተው መንገድ ላይ ከሚጫወቱ ልጆች መካከል አንዱን አፈፍ አድርገው ሲወስዱ ያሳያል። ቪዲዮው የተሠራው በፓኪስታን በካራቺ ከተማ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲጠብቁ ለማስተማር ነበር። በሙሉው ቅጂ መጨረሻ ላይ ሰዎቹ ልጁን መልሰው ያስረክባሉ፤ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍም ዘርግተው ያሳያሉ። ያን መጨረሻ አንድ ሰው ቆርጦ ጣለው፤ የቀረው ደግሞ «ልጅ ሌቦች ወደ አካባቢያችን ገብተዋል» ተብሎ ተላከ። እ.ኤ.አ. በ2013 በሶርያ በኬሚካል ጥቃት ያለቁ ሕፃናት ምስልም የውስጥ አካላቸው የተሰረቀ የህንድ ልጆች ናቸው ተብሎ ዞረ። በዚሁ ወሬ መካከል፣ በሐምሌ ወር መጀመሪያ በማሃራሽትራ ግዛት ራይንፓዳ በምትባል መንደር፣ ከዘላን ማኅበረሰብ የመጡ አምስት ሰዎች አንዲት ሕፃን አነጋገሩ ተብለው በሕዝብ ተደብድበው ሞቱ። ልጅ ሰራቂ ግን አልነበሩም።

እምነቱ ግን ከሜዳ አልበቀለም። በአገራችን የዳኝነት ልማድ ያየና የሰማ እኩል አይቆጠሩም፤ በጆሮው ከሰማ ይልቅ በዓይኑ ያየ ምስክር ይፈለጋል። ተገቢም ነው። ሆኖም ያው ልማድ ያየውንም ሰው ዝም ብሎ አያምነውም። የት ቆመህ አየህ? መሽቶ ነበር ወይስ ብርሃን ነበር? ከተከሳሹ ጋር ጠብ አለህ? ተብሎ ይጠየቃል፤ ይምላል፤ በሐሰት ከመሰከረም ይቀጣል። የስልኩ ቪዲዮ የዓይን ምስክርን ክብር ይዞ መስቀለኛ ጥያቄውን ግን ጥሎ ይመጣል። ማን እንደቀረጸው፣ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ምን እንደነበረ፣ ካለቀ በኋላ ምን እንደተከተለ የሚጠየቅ ሰው የለም። የላከልን ወዳጃችን እንኳ ቢጠየቅ «ለእኔም ተልኮልኝ ነው» ከማለት ሌላ መልስ የለውም።

«ወሬ ድሮም ነበር፤ ስልኩ ምን አደረገ?» የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች ሕፃናትን ሊመርዙ መጡ በሚል ወሬ በሕዝብ ተገድለዋል። ወሬ ለመግደል የግድ ቪዲዮ አያሻውም። ስልኩ የጨመረበት አንደኛው ነገር ስፋትና ፍጥነት ነው። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ በትዊተር የተሠራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን መርምረው፣ ሐሰተኛው ከእውነተኛው ይልቅ የመጋራት ዕድሉ በ70 በመቶ እንደሚበልጥ፣ እውነቱም 1,500 ሰው ዘንድ ለመድረስ ስድስት እጥፍ ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት አሳይተዋል። ጥፋቱን በሮቦት አካውንቶች ላይ ለመጣል ለሚቸኩል ሰውም መልስ አላቸው፤ ሮቦቶቹ እውነቱንም ሐሰቱንም በእኩል መጠን ነው ያፋጠኑት፤ ልዩነቱን የፈጠረው ሰው ነው። ሁለተኛው ድግግሞሽ ነው። ተደጋግሞ የሰማነው ነገር እውነት እየመሰለን እንደሚሄድ የሥነ ልቦና ጥናቶች ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያረጋግጡ ቆይተዋል። አንድ ቪዲዮ በቤተሰብ፣ በሥራ ባልደረቦች፣ በዕድርና በሰፈር ግሩፕ ሲደርሰን አራት ምስክር የመጣ ይመስለናል። የመጣው ግን ያው አንዱ፣ ስሙ የማይታወቀው ሰው ነው።

አሁን ደግሞ «ዋናው ችግር አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው፤ ጣቶቹን ቁጠሩ፣ ከንፈሩን ከድምፁ ጋር አስተያዩ» የሚል ምክር በዝቷል። ምክሩ ክፋት የለውም፤ በማሽን የሚሠሩ ምስሎችም እየረቀቁ ነው። ነገር ግን ዓይናችንን ወደተሳሳተ ቦታ ይመራል። የሶርያ ሕፃናት ምስል ላይ ጣት ቢቆጠር ሙሉ ነው። ከዚህም የባሰው «እንግዲያውስ ምንም ነገር አላምንም» የሚለው መደምደሚያ ነው፤ ይህ ለወንጀለኛ የተሰጠ ስጦታ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 በካሜሩን ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን ሲገድሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ሲወጣ፣ የአገሪቱ መንግሥት መጀመሪያ ሐሰተኛ ወሬ ነው ብሎ ነበር። የቢቢሲ መርማሪ ጋዜጠኞች ግን ከበስተጀርባ የሚታየውን የተራራ ሰንሰለት ከሳተላይት ምስል ጋር አመሳከሩ፤ ቦታው በሰሜን ካሜሩን ዘለቬት አጠገብ መሆኑን ለዩ፤ ከጥላው ርዝመትና ከቤቶቹ ሁኔታ ጊዜው እ.ኤ.አ. የ2015 የጸደይ ወቅት መሆኑን አሰሉ፤ የወታደሮቹንም ማንነት አጣሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 አራት ወታደሮች የ10 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ቪዲዮው ማስረጃ የሆነው የት፣ መቼ፣ ማን የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ካገኙ በኋላ ነው። ያለዚያ የመንግሥት ክህደትና የከሳሾቹ ጩኸት እንደተፋጠጡ ይቀሩ ነበር።

ትዕግሥቴን የሚፈታተኑት «እንደደረሰኝ ነው ያጋራሁት» ባዮች ናቸው። «እውነት ከሆነ ሰው ይጠነቀቃል፤ ውሸት ከሆነ ማንንም አይጎዳም» ይላሉ። የራይንፓዳን ሟቾች ይህ አነጋገር አይመልሳቸውም። ያልተጣራ ማስጠንቀቂያ ሁልጊዜ አንድ ተከሳሽ አለው፤ እንግዳው፣ ከሌላ ብሔር የሆነው፣ ቋንቋው ለየት ያለው። የማጋራት ፍላጎቱም የምናስበውን ያህል ጥልቅ አይመስለኝም። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ጊዜ የተላለፉ መልእክቶች በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ግሩፕ ብቻ እንዲላኩ ሲገድብ፣ የእነዚህ መልእክቶች ዝውውር በ70 በመቶ መቀነሱን ኩባንያው ገልጿል። ቁጥሩ የራሱ የኩባንያው ነው፤ ወሬው ጠፋ ወይስ ወደ ሌላ መተግበሪያ ተሻገረ የሚለውንም አይነግረንም። ቢሆንም አንድ ነገር ያመለክታል፤ ብዙዎቻችን የምናጋራው ጣታችን ስለቀለለው ነው፤ ትንሽ ሲከብደን እንተወዋለን።

ከስልክ ጋር የመጡ ሌሎች ተረቶችንም ባጭሩ ላንሳ። «ዛሬ ሌሊት ከ6፡30 እስከ 9፡30 የኮስሚክ ጨረር ስለሚያልፍ ስልካችሁን አርቁ» የሚለው መልእክት ቀን ስለሌለው ከዓመት ዓመት «ዛሬ ሌሊት» እያለ ይኖራል፤ የኮስሚክ ጨረር ደግሞ ቀንም ሌሊትም ምድርን ሲመታ የኖረ ነገር ነው። «ለ20 ሰው ላኩ፣ ካርድ ይሞላላችኋል» የሚለው ሊንኩን ላዘጋጀው ሰው እንጂ ለላኪው ሳንቲም አያስገባም። 5ጂ ኮሮናን ያሠራጫል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪታንያ የስልክ ማማዎች ተቃጥለዋል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሲሆን 5ጂ የመጣው ሁለት ዓመት ቆይቶ በግንቦት 2014 ዓ.ም. ነው። ስልክ ቻርጅ ላይ ካደረ ይፈነዳል የሚለውስ? የዛሬ ስልኮች ሲሞሉ ኃይል መቀበል ያቆማሉ፤ ሆኖም ትራስ ሥር ታፍኖ የሚግል ስልክና ጥራቱ ያልታወቀ ቻርጀር በእርግጥ አደጋ አላቸው፤ እዚህ ላይ ፈሪው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም።

ወደ ዋናው ስመለስ፣ «እሺ፣ ግን በቤተሰብ ግሩፕ ላይ ታላቅን ሰው እንዴት ውሸት ነው እላለሁ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ማንም እንዲህ እንዲል አይጠበቅበትም። «ጋሼ፣ ይሄ የት ነው? መቼ የተቀረጸ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ድፍረትም ንቀትም አያስፈልግም፤ ጥያቄውም ስለ ቪዲዮው እንጂ ስለ ላኪው ታማኝነት አይደለም። መልስ ከተገኘ ማስረጃ አግኝተናል፤ ካልተገኘ ደግሞ ቢያንስ እኛ ጋ ሲደርስ ይቁም። በዕድር ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ ጎረቤቱን በነፍስ ግድያ ቢከስ፣ የት አየህ ሳይባል አይቀመጥም። ስልክ ይዞ የመጣ ከሳሽም ከዚህ ያነሰ ጥያቄ ሊጠየቅ አይገባውም።