ከጀልዴሳ በላይ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት

ኮምፓስ ይዛችሁ ጀልዴሳ ብትሄዱ መርፌው ሰሜንን ይጠቁማል። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። የሚገርመው መርፌውን በክር አንጠልጥላችሁ ወደ ላይም ወደ ታችም እንደልቡ እንዲዞር ብትለቁት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ ይመስል አግድም ይቆማል። ሰሜን ኖርዌይ ላይ ቢሆን ኖሮ አፍንጫውን ወደ መሬት ይደፋ ነበር። ካርታ ላይ የምናውቀው የምድር ወገብ ኬንያን ሲያቋርጥ፣ ማግኔታዊው ወገብ ግን ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ በኢትዮጵያ በኩል ያልፋል። ጀልዴሳም አዲስ አበባም ከእሱ ብዙ አይርቁም።

ታዲያ ይሄ ከፀሐይ ጋር ምን አገናኘው?

ፀሐይ የምትልክልን ብርሃንና ሙቀት ብቻ አይደለም። ፕሮቶንና ኤሌክትሮንም ያለማቋረጥ ትረጫለች፤ የፀሐይ ነፋስ የምንለው ይህን ነው። በሴኮንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ እንኳ እኛ ጋ ለመድረስ አራት ቀን ያህል ይፈጅበታል። የምድር ማግኔታዊ መስክ አብዛኛውን ወደ ጎን ያሳልፈዋል። ችግሩ ነፋሱ የራሱን ማግኔታዊ መስክ ተሸክሞ መምጣቱ ነው። የተሸከመው መስክ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ከሆነ ከምድር መስክ ጋር ይያያዝና በሩ ይከፈታል፤ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይገባል።

አሁን ቀና በሉ። ከራሳችሁ በላይ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ የፀሐይ ጨረር ከአየሩ ላይ ኤሌክትሮኖችን ስለሚነቅል አየሩ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በማግኔታዊው ወገብ ላይ መስኩ አግድም ስለተኛ፣ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ላይና ወደ ታች መሸሽ ያቅታቸዋል። ከላይና ከታች የሚጠራቀመው የኤሌክትሪክ ሙል ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈሰውን ጅረት ይበልጥ ያበረታዋል። በየቀኑ ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራል፣ እኩለ ቀን አካባቢ ይጠነክራል፣ ማታ ይከስማል። በጠባብ መቀነት ብቻ የሚያልፍ ነገር ነው።

የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ይህን ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መዝግቦታል። አገራችን ላይ ያለው መስክ 36,000 ናኖቴስላ ገደማ ነው፤ ጅረቱ በቀትር በዚያ ላይ የሚጨምረው በአሥሮች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም 100 የሚደርስ ናኖቴስላ ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል?

ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ 2 ሰዓት ገደማ የፀሐይ ማዕበል ምድርን መታት። አውሮፓና አሜሪካ ሰማዩ ቀይና አረንጓዴ ሲሆን ሰው ፎቶ ያነሳ ነበር። ማዕበሉ ምድርን እንደ ቀለበት የከበበ ጅረት ስለፈጠረ፣ በዝቅተኛ ኬክሮስ ባሉ ጣቢያዎች የተለካው መስክ በአማካይ ከ400 ናኖቴስላ በላይ ወረደ። ማለትም እኛ ጋ የሚታይ ቀለም ባይኖርም መርፌው ዜናውን ሰምቷል።

እንዲህ የሚለዋወጥ መስክ ረጃጅም ሽቦዎች ውስጥ ያልተፈለገ ከረንት ይገፋል። በ1989 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ኩቤክ 6 ሚሊዮን ሰው ዘጠኝ ሰዓት ያህል ያለ መብራት የቀረው በዚሁ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ የዋልታ አገሮች ጣጣ ተደርጎ ይወራል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ዋልታ አካባቢ አደጋው የከፋ መሆኑ እውነት ነው። ግን በእኛ ሰማይ የሚያልፈው ጅረት በማዕበል ቀን፣ በተለይ በቀትር፣ የመስኩን መለዋወጥ ያጎላዋል። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ደግሞ ረጅም የኤሌክትሪክ መስመርና በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር አለን።

ጂፒኤስም አለ። ድሮ ከዘይላ የመጣ የግመል ጭነት ጀልዴሳ ላይ ተራግፎ ወደ ሐረር በበቅሎ ሲሄድ፣ መንገድ የሚያውቀው መሪው ነበር። ዛሬ ስልካችን ከ20,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ በሚመጣ ሲግናል ይመራናል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን በማግኔታዊው ወገብ ላይ ኤሌክትሮን የሳሳባቸው ግዙፍ አረፋዎች ሽቅብ ይወጣሉ፤ ሲግናሉ በእነሱ ሲያልፍ ይርገበገባል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ በተለይ ፀሐይ በምትነቃባቸው ዓመታት፣ ይብሳል። ስለዚህ በጂፒኤስ መሬት የሚለካ ቀያሽ በእነዚያ ወራት ሥራውን ሳይመሽ ቢጨርስ ይሻለዋል።