ኬጁ ውስጥ ሕግ አለ

ላስ ቬጋስ ላይ ቅዳሜ ማታ የሚካሄድ ትልቅ ፍልሚያ አዲስ አበባ፣ ሳሊተ ምሕረት ሰፈር የሚደርሰው እሑድ ሲነጋጋ ነው። የሰዓቱ ልዩነት እንደ ወቅቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ሰዓት ስለሆነ፣ የሻምፒዮና ቀበቶው ፍልሚያ ማለዳ ላይ፣ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ሰፈሩን በሚሞላበት ሰዓት ላይ ይወድቃል። "አንተ ልጅ፣ በሰንበት ምድር ሰው ሲደባደብ ቁጭ ብለህ ታያለህ?" የምትል እናት አትጠፋም። ልጁም "እማዬ፣ ድብድብ እኮ አይደለም፣ ስፖርት ነው" ይላል። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ለእናትየዋ ነው። ልጁም ሕጉን የሚያውቅ ቢመስለውም ቢያነበው አይጎዳም።

ስፖርቱ ኤምኤምኤ ይባላል፤ ቅይጥ ማርሻል አርት ማለት ነው። ቦክሰኛ በእጁ ብቻ ይመታል፣ ቴኳንዶ ተጫዋች በአብዛኛው በእግሩ ይመታል፣ ታጋይ ይይዛል፣ ይጥላል። እዚህ፣ ኬጅ በሚባለው በሽቦ የታጠረ መድረክ ውስጥ፣ ሁሉም ተፈቅዷል፤ ቡጢ፣ እርግጫ፣ ክርን፣ ጉልበት፣ ጠልፎ መጣል፣ ማነቅ፣ መገጣጠሚያን ጠምዝዞ ማስጨነቅ። ሰፈር ውስጥ ብዙ ሰው ስፖርቱን ራሱን "ዩኤፍሲ" ይለዋል፤ ዩኤፍሲ ግን ውድድሩን የሚያዘጋጅ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ፒኤፍኤልን የመሰሉ ሌሎች ድርጅቶችም አሉ፤ የሲንጋፖሩ ዋን ቻምፒየንሺፕም አንዱ ነው።

የእናትየዋ ጥርጣሬ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የመጀመሪያው ዩኤፍሲ ኅዳር 12 ቀን 1993 (እዚህ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዴንቨር ከተማ ሲካሄድ የክብደት ምድብ አልነበረም። ስምንት ሰዎች ገቡ፤ መናከስና ዓይን መጎርጎር ከመከልከሉ በቀር ሕግ የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረም። አንድ ሌሊት ላይ ሦስት ሰው አሸንፎ የወጣው ሮይስ ግሬሲ የተባለ ቀጭን ብራዚላዊ ነው። ከዚያ በፊት የዓለም ሕዝብ ከፊልም የተማረው ጠንካራው የሚመታው ነው የሚል ነበር። ግሬሲ ግን መምታቱን ብዙም አልፈለገውም፤ ተጠግቶ ይይዛል፣ መሬት ላይ ያወርዳል፣ ያንቃል። ከእሱ የሚገዝፉ ሰዎች በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ መሸነፋቸውን አመኑ። በፍጻሜው የገጠመው ሆላንዳዊ ጆሮውን ነክሶታል፤ እሱም ታንቆ እጅ ሰጠ።

የአሜሪካው ሴናተር ጆን ማኬይን ይህን ሲያይ ሰውን እንደ ዶሮ ማዋጋት ነው ብሎ ለክፍለ ግዛቶቹ ገዢዎች ሁሉ ደብዳቤ ጻፈ። ብዙ ግዛቶች ከለከሉ። ኒውዮርክ በ1997 አግዳ እስከ 2016 አልከፈተችም፤ ፈረንሳይ የፈቀደችው በ2020 ነው። ስፖርቱን ያዳነው ክልከላው ራሱ ይመስለኛል። ለመኖር ሲል ሕግ ለበሰ። ከ2000 ጀምሮ በኒው ጀርሲ የተቀረጸው የጋራ ደንብ ዛሬ አብዛኛው ዓለም የሚጠቀምበት ሆነ፤ ኩባንያውም በ2001 በ2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። አዲሶቹ ባለቤቶች ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ በ4 ቢሊዮን ገደማ ሸጡት።

ደንቡ ይህን ይላል። ተራ ፍልሚያ ሦስት ዙር፣ የሻምፒዮና ፍልሚያ አምስት ዙር፤ እያንዳንዱ ዙር አምስት ደቂቃ። ጓንቱ ጣት የሚያሳይና ስስ ነው፤ ተጋጣሚን መያዝ እንዲቻል። በዩኤፍሲ የወንዶች ምድብ ከ56.7 ኪሎ ይጀምራል፣ ከባዱ 120.2 ላይ ይቆማል። ዓይን መንካት፣ ብልት መምታት፣ ማጅራት መምታት፣ መሬት ላይ ያለን ሰው ጭንቅላቱን በእግር ወይም በጉልበት መምታት፣ የኬጁን ሽቦ መያዝ፣ ይህ ሁሉ ክልክል ነው። ከኬጁ ውጭ የተቀመጡ ሦስት ዳኞች ዙሩን ላሸነፈ 10፣ ለተሸነፈ አብዛኛውን ጊዜ 9 ይሰጣሉ። የመሐል ዳኛው ደግሞ ራሱን መከላከል ያቃተውን ሰው ባየ ቁጥር ፍልሚያውን ያቋርጣል። በዝረራ የተሸነፈ ሰው በሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይታገዳል፤ አዘጋጁ ቢለምን እንኳ አይፈቀድለትም።

ሕጉ ለይስሙላ እንዳልሆነ ለማየት ጥቅምት 25 ቀን 2025 አቡ ዳቢ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። የከባድ ሚዛኑ ሻምፒዮን እንግሊዛዊው ቶም አስፒናል ከፈረንሳዊው ሲሪል ጋን ጋር በገጠመ ጊዜ በመጀመሪያው ዙር የጋን ጣቶች ዓይኑ ውስጥ ገቡ። አስፒናል ማየት አልቻለም፤ ፍልሚያው ያለ ውጤት ተሰረዘ። ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት፣ ያን ያህል ሕዝብ የጠበቀው ፍልሚያ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው አለቀ። አዳራሹ ጮኸ፣ ቢሆንም ውሳኔው ትክክል ነበር።

አዲስ ተመልካች የሚሰለችበት ቦታ መሬት ላይ ነው። ቡጢና እርግጫ ሲለዋወጡ ሁሉም ይገባዋል። ሁለቱ ተያይዘው ሲወድቁ ግን "ምን ተቃቀፉ?" ይባላል፣ ሰውም ስልኩን ማየት ይጀምራል። ትልቁ ሥራ ግን ያኔ ነው የሚሠራው። ከላይ ያለው ክብደቱን ደረት ላይ አሳርፎ የሌላውን እስትንፋስ ያሳጥራል፤ ከታች ያለው በእግሮቹ ወገቡን አጥሮ ክንድ ወይም አንገት ይፈልጋል። አንድ ክርን ከጎን ከራቀ እጁ ይያዛል። ጀርባውን የሰጠ ሰው አንገቱን ሰጥቷል ማለት ነው። የደም ሥሮቹ በክንድ ሲጨመቁ ሰው ራሱን የሚስተው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ስለሆነ ቶሎ መታ መታ አድርጎ እጅ መስጠት ውርደት አይደለም፤ በዚህ ስፖርት ከሁሉ የታወቀ ጨዋነት ነው።

የአፍሪካ ልጆች ታሪክም በዚሁ መሬት ላይ ነው የተጻፈው። ከእነሱ ሁሉ ፍራንሲስ ንጋኑን አስቀድማለሁ። ካሜሩን፣ ባቲዬ በምትባል ቦታ በልጅነቱ አሸዋ ሲቆፍር አደገ። ቦክሰኛ ለመሆን ብሎ በኒጀር፣ በአልጄሪያና በሞሮኮ አድርጎ በረሃውንና ባሕሩን አቋርጦ አውሮፓ ገባ፤ መንገዱ ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደ፤ ስፔን ውስጥ ታሰረ፣ ፓሪስ ሲደርስ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ያድር ነበር። ይህ መንገድ ለእኛ ሰፈር ልጆችም እንግዳ አይደለም። ፓሪስ ያገኘው አሰልጣኝ ነው ከቦክስ ይልቅ ኤምኤምኤ እንዲሞክር የነገረው። በ2018 መጀመሪያ ለቀበቶ ሲቀርብ ስቲፔ ሚዮቺች የተባለው አሜሪካዊ አምስት ዙር ሙሉ እየጣለና እየተጫነ አደከመው፤ በነጥብም አሸነፈው። ያ ሁሉ ክንድ ምንም አልፈየደም። መጋቢት 2021 ሁለቱ ድጋሚ ሲገናኙ ንጋኑ ሚዮቺችን በዝረራ ጥሎ ቀበቶውን ወሰደ። ከዚያ ደግሞ ጥር 2022 ጉልበቱ ታሞ እያለ ሲሪል ጋንን የረታው በቡጢው ሳይሆን እየጣለ መሬት ላይ በመያዝ ነው። የተሸነፈበትን ትምህርት አራት ዓመት ሙሉ ተምሮ መመለሱ ከዝረራው የበለጠ ያስገርመኛል። በኋላ ከዩኤፍሲ ወጥቶ፣ ጥቅምት 2023 ሪያድ ላይ የቦክሱን ሻምፒዮን ታይሰን ፊውሪን በሦስተኛው ዙር መሬት አስነካው፤ ዳኞቹ በተከፋፈለ ድምፅ ለፊውሪ ሰጡ።

ናይጄሪያ የተወለዱት ካማሩ ኡስማንና እስራኤል አዴሳኛም በ2019 ሻምፒዮን ሆነዋል። ኡስማን ቀበቶውን ያጣው ነሐሴ 2022 ነው፤ በነጥብ እየመራ፣ የአምስተኛው ዙር ማብቂያ 56 ሰከንድ ሲቀረው ሊዮን ኤድዋርድስ ጭንቅላቱን በእርግጫ መታው። ቴሌቪዥን አጥፍተው ለመተኛት የተነሱ ብዙ ሰዎች ይህን አላዩም ይባላል፤ አምናለሁ። ደቡብ አፍሪካዊው ድሪከስ ዱ ፕሌሲ ደግሞ ጥር 2024 ላይ ቀበቶ አገኘ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ አዴሳኛን እጅ አሰጥቶ ረታ። ነሐሴ 2025 ቺካጎ ላይ ግን ካምዛት ቺማዬቭ የሚባል ታጋይ መጣበት። ከ25 ደቂቃው ከ21 በላይ የሚሆነውን ዱ ፕሌሲ ያሳለፈው ከሥር ተይዞ ነው። ሦስቱም ዳኞች 50 ለ44 ጻፉ። የአዳራሹ ሕዝብ ሲያጉረመርም ይሰማ ነበር፤ ለእኔ ግን አንድን ብርቱ ሻምፒዮን ያን ያህል ጊዜ መሬት ላይ ማስቀረት ከማንኛውም ዝረራ የማያንስ ጥበብ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። አገራችን ተፋላሚ አጥታ አታውቅም። በደቡብ ምዕራብ ሱሪዎች በረጅም በትር የሚገጥሙበት ዶንጋ አለ፤ እዚያም ዳኛ አለ፣ የወደቀን መምታትም ነውር ነው። ትግል ከባህል ስፖርቶቻችን ጋር ተቆጥሮ ይወዳደሩበታል። በቦክስ የሠይፉ መኮንን "ጢቦ" ስም እስከ ዛሬ ይነሳል። በቴኳንዶ ሰለሞን ቱፋ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በ58 ኪሎ ገጥሟል። በአዲስ አበባ ነጭ ልብስ የለበሰ ልጅ ቅዳሜና እሑድ ማለዳ ሲራገጥ የማይታይበት ሰፈር ጥቂት ነው።

እነዚህ ሁሉ ግን እርስ በርስ አልተገናኙም። የሚራገጠው ልጅ መጣል አያውቅም፤ የሚጥለው የገጠር ታጋይ ጓንት አጥልቆ አያውቅም፤ ቦክሰኛው ከወደቀ ዳኛ ቆጥሮ የሚያስነሳው ይመስለዋል። የመሬቱ ጥበብ፣ ጁጂትሱና የኦሎምፒኩ ትግል፣ ከሁሉም ያነሰ አስተማሪ ያለው ነው። ጥሩ እርግጫ ያለው የአዲስ አበባ ልጅ ዛሬ ኬጅ ቢገባ የሚገጥመው የዱ ፕሌሲ ዕጣ ነው፤ ያውም ዱ ፕሌሲ መታገል የሚያውቅ ሰው ሆኖ ነው።

አንድ ሀብት ግን በነጻ አለን። ሰኔ 2015 ዩኤፍሲ ሜክሲኮ ሲቲ ሄደ፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሻምፒዮኑ ኬይን ቬላስኬዝ በማይደክም ሳንባው የታወቀ ሰው ነበር። ተጋጣሚው ፋብሪሲዮ ቨርዱም ሳምንታት ቀድሞ ሄዶ ከፍታው ላይ ሲለማመድ ከረመ። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ቬላስኬዝ አፉን ከፍቶ አየር ሲፈልግ ታየ፤ በሦስተኛው ዙር ራሱ ገብቶ ታነቀ። ቦሌ ኤርፖርት 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በሲኤምሲ ሰፈር በኩል ወደ አያት ሲወጣ ደግሞ ከፍታው ይጨምራል። የሯጮቻችን ሳንባ የሚሠራበት አየር ይኸው ነው፤ አምስት ዙር የሚቆም ሰውም ከዚህ አየር የማይወጣበት ምክንያት አይታየኝም። ሳንባ ብቻውን ግን ከሥር ተይዞ ያለን ሰው አያስነሳም።

በሩም ቀርቧል። ፒኤፍኤል በ2025 የአፍሪካ ሊግ ጀምሮ ሐምሌ ላይ ኬፕ ታውን፣ ጥቅምት ላይ ኪጋሊ ውድድር አካሂዷል። ኪጋሊ ከቦሌ የጥቂት ሰዓት በረራ ናት። ገንዘቡም እየተትረፈረፈ ነው፤ ዩኤፍሲ ከ2026 ጀምሮ ለሰባት ዓመት በአሜሪካው ፓራማውንት እንዲተላለፍ የተፈራረመው በ7.7 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ ለተፋላሚው የሚደርሰው ስንት ነው የሚለው የቆየ ጠብ ነው። ተፋላሚዎች ድርጅቱን ከስሰው የ375 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ፍርድ ቤት ያጸደቀላቸው በ2025 ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ሀብታም እንሆናለን ብለው እንዲገቡበት አልመክርም፤ ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ቡጢ በገንዘብ አይካስም።

የሳሊተ ምሕረትና የሲኤምሲ አሰልጣኞች ሆይ፣ ኬጅ ለመሥራት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ወፍራም ምንጣፍ ግዙ፤ አንድ የትግል ወይም የጁዶ አስተማሪ ከቴኳንዶው ጎን አቁሙ፤ ታዳጊዎች ጭንቅላት እንዳይማቱ ከልክሉ። ወላጆችም ልጃችሁ ልሰልጥን ካለ በሩ ላይ አትመልሱት፤ አብራችሁት ገብታችሁ አንድ ልምምድ እስከ መጨረሻው ተመልከቱ። አሰልጣኙ እጁን መታ መታ ያደረገውን ልጅ ወዲያው የሚያስለቅቅ ከሆነ አስመዝግቡት፤ "ቻለው" እያለ የሚያስጨርሰው ከሆነ ይዛችሁት ውጡ።