ካሳው ዱባይ ላይ እንዳይቀር

በዕረፍት ቀን ዱባይ ውስጥ ዴራ ገብቶ ናይፍ ሰፈርን የሚያቋርጥ ሰው አማርኛ ሳይሰማ አይወጣም። ከእንጀራ ቤቱ ጎን ቡና ይቆላል፤ ካርጎ ቤቱ ደጃፍ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ሻንጣና ካርቶን በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በኪሎ ይመዘናል። ከተሰለፉት መካከል አንዳንዴ እጇን በፋሻ ያንጠለጠለች ትገኛለች። ምን ነካሽ ሲሏት፣ መስኮት ስትወለውል ወድቃ ነው። አሠሪዋ ማዳም ትኬት ቆርጣላታለች፤ አገሯ ገብታ ትታከማለች። ሁሉም «እግዜር ይማርሽ» ይላታል፤ ስለ ካሳ የሚያነሳ ግን የለም።

በሥራ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው አካሉ ተጎድቶ መሥራት ሲያቅተው ከፋዩ ማን ነው? መልሱ እንደ አገሩ ይለያያል። አንዱ መንገድ ሠራተኛው ራሱ ያዋጣበት ፈንድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሠርቶ የሶሻል ሴኩሪቲ ግብር የከፈለ ዜጋ፣ የአካል ጉዳት ክፍያው አዲስ አበባ ቢኖርም ሊደርሰው ይችላል። ሁለተኛው ለችግረኛ የሚሰጥ ድጎማ ነው፤ እዚያው አሜሪካ ኤስኤስአይ የሚባለው ተቀባዩ ከአገር ወጥቶ 30 ቀን ሲሞላው ይቋረጣል። በመዋጮ የተገኘው ባለቤቱን ተከትሎ ይጓዛል፤ በድጎማ የተገኘው ግን ድንበር አይሻገርም።

ዱባይ ባለችበት ኤምሬትስ ውስጥ ለውጭ አገር ሠራተኛ ሁለቱም የሉም። የአገሪቱ የጡረታ ፈንድ ለዜጎቿና ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ዜጎች የቆመ ነው። ለሀበሻዋ የቀረው ሦስተኛው መንገድ ነው፦ ዕዳው በአሠሪው ላይ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. የ2021 የሥራ ግንኙነት ሕግ ቁጥር 33 ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምናውን ወጪ አሠሪው እንዲችል ያዛል። በሕክምናው ጊዜ እስከ 6 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ካልዳነች ለተጨማሪ 6 ወር ግማሽ ደመወዝ ይከፈላል። የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው የ2022ቱ ሕግ ቁጥር 9ም የሥራ ጉዳት ካሳ የአሠሪው ግዴታ መሆኑን ያስቀምጣል።

ጉዳቱ ዘላቂ ሲሆን ስሌቱ በመቶኛ ነው። ሙሉ በሙሉ መሥራት ለተሳነው ሰው ካሳው የ24 ወር መነሻ ደመወዝ ነው፤ ከ18,000 ድርሃም አያንስም፣ ከ200,000 አይበልጥም። መነሻዋ 1,000 ድርሃም የሆነች ሴት ሙሉ ካሳዋ 24,000 ነው። ሐኪሞቹ የጉዳቷን መጠን 30 በመቶ ካሉት 7,200 ይደርሳታል።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መቶኛውን የሚወስነው የሕክምና ሪፖርት ነው፤ ሪፖርቱም እዚያው ታክማ፣ እዚያው ተመርምራ የሚወጣ ነው። በፋሻዋ አውሮፕላን የተሳፈረች ሴት መብቷን በሕግ ባታጣም ማስረጃውን ጥላው ትሄዳለች። ቦሌ ከደረሰች በኋላ የምትታከምበት ሆስፒታል አጥንቷን ሊጠግን ይችላል፤ አደጋው ሥራ ላይ መድረሱን ግን ከየት ያመጣል? በቪዚት ቪዛ ገብታ የምትሠራዋ፣ ወይም ቪዛዋን ካወጣላት ስፖንሰር (ከፊል) ቤት ጠፍታ የወጣችው ደግሞ ዕዳውን የምትጥልበት የታወቀ አሠሪ እንኳ የላትም።

አገር ቤት ያለውም ክፍተቱን አይሞላም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 የጉዳት አበል አለው፤ የሚቆመው ግን ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ በሚያዋጡት ገንዘብ ላይ ነው። የዴራዋ ማዳም ወደዚያ አታዋጣም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመድን ወጪን በአሠሪው ላይ ቢጥልም፣ የሚጠቅመው በኮንትራት ለሄደች ነው። ከ2006 ጀምሮ እስከ 2010 ዓ.ም. በቆየው የውጭ አገር ሥራ ጉዞ እገዳ ዘመን ብዙዎች የወጡት ከዚህ መስመር ውጭ ነበር። የኢትዮጵያ ከተሞች ሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍም ቢሆን መሥራት ለማይችል ድሃ የሚደርስ እርዳታ እንጂ ለጠፋ ክንድ የሚከፈል ካሳ አይደለም።

ስለዚህ ካርጎ ቤቱ ደጃፍ ለቆመችው መነገር ያለበት ከትኬቱ በፊት ነው። የወደቀችበትን ቀንና ሰዓት ትጻፈው፤ የሆስፒታሉን ወረቀት ዋናውን ትያዝ፤ የኮንትራቷንና የመታወቂያዋን ፎቶ አገር ቤት ላለ ሰው ትላክ። አቤቱታ የሚቀርበው ለሰው ሀብትና ኢሚራቲዜሽን ሚኒስቴር ነው፤ እስከ 50,000 ድርሃም ባለው ክርክር ሚኒስቴሩ ራሱ ይወስናል። ሕክምናው ሳይጠናቀቅ «ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ላይ መፈረም ግን ከመውደቁ የከፋ ጉዳት ነው። ትኬት መግዛት የአሠሪዋን ዕዳ አያወርድም። ለሻንጣው በኪሎ የምትከፍለው እሷ ናት፤ ለእጇ በመቶኛ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።